ጀርባቸውን የሰጡ ፈታኝ

አግዳሚ ማለት አራት እግር ያለው፣ መደገፊያ የሌለው፣ ሦስት ልጅ እንዲይዝ ተሠርቶ አምስት ልጅ የሚይዝ የእንጨት መቀመጫ ነው። ቁመቱ በስምንት ዓመት ልጅ ጉልበት ልክ የተሠራ በመሆኑ፣ ትልቅ ሰው ሲቀመጥበት ጉልበቱ ወደ አገጩ ይቀርባል። በዚህ አኳኋን ተቀምጦ ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። አባ ቀሌምንጦስ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበሩ።

አባ ቀሌምንጦስ በአንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመት መምህራንን ያሠለጠኑ ካህን ናቸው። የሚያስተምሩበት የትምህርት ክፍል አንድ ልማድ ነበረው። እጩ መምህራን በመጨረሻው ዓመት በአካባቢው ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ሄደው ያስተምራሉ፤ በልምምዱ ማብቂያ ላይ ፈታኝ ይመጣል። በሌላ ቦታ ፈታኝ ከክፍሉ ጥግ ወንበር ስቦ ይቀመጥና አስተማሪውን ያያል። እዚህ ግን ፈታኙ አንድ አግዳሚ ከሰሌዳው ሥር ያስቀምጣል፤ ጀርባውን ለአስተማሪው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ ይቀመጣል። ደወል እስኪደወልም ዞሮ አያይም። ልማዱን ማን እንደ ጀመረው በእርግጥ አይታወቅም። አንዳንዶች ሰሌዳ ማየት የተሳናቸው አንዲት ዓይነ ደካማ መነኩሲት ናቸው ይላሉ። እውነት ከሆነ ሴትየዋ ከዚህ ሌላ የተነገረላቸው ሥራ የለም።

አንድ እጩ መምህር ነበረ። ስሙ ሚልኪያስ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ የእጅ ጽሑፉ እንደ ታተመ መጽሐፍ፣ ውጤቱም ከጓደኞቹ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። በትውልድ ከተማው ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የአስተማሪነት ቦታ ይዞለት «ልምምድህን ካለፍክ በየካቲት መጀመሪያ ና። ካላለፍክ ግን ክፍል ያለ አስተማሪ አላስቀምጥም» ብሎታል። እናቱ ይህን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገረች። የረሱ ሲመስሏትም ደግማ ነገረቻቸው።

ፈተናው በጥር ነበር። ሚልኪያስ ሃምሳ አራት ልጆች ባሉበት ሦስተኛ ክፍል ክፍልፋይ እንዲያስተምር ተመደበ። ዕቅዱን በሰባት ዓምድ ጻፈ። በካርቶን ላይ ባለ አራት ቀለም ሥዕል ሠራ። ብርቱካን ገዛ፤ ነጭ ጋዋኑን ሁለት ጊዜ ተኮሰ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አደረገ። ጎበዞቹን ልጆች ፊት ለፊት አስቀመጠ፤ ትምህርት የማይዘልቃቸውን አምስቱን ሰብስቦ መጨረሻ አግዳሚ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ አስቀመጣቸው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ በደግ ድምፅ ነገራቸው።

«ነገ እንግዳ ይመጣል። ጓደኞቻችሁ እጅ ሲያወጡ እናንተም አውጡ። አትፍሩ፤ አልጠራችሁም።»

አምስቱም ደስ አላቸው። በትምህርት ቤት ከተባሉት ነገር ሁሉ በሙሉ ልብ ሊፈጽሙት የሚችሉት ይህ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሁሉም ነገር በዕቅዱ መሠረት ሄደ። ብርቱካኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ከዚያም ለአራት። አባ ቀሌምንጦስ ከሰሌዳው ሥር፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ሚልኪያስ «ከግማሽና ከሩብ የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ጠየቀ። ሃምሳ አራት እጅ ተነሣ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ተጠራ፤ መለሰም። «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» አለ። ደወሉ የተደወለው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ጠመኔውን ሲያስቀምጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በአስተማሪ ሕይወት አንድ ጊዜ ቢገጥም ነው።

አባ ቀሌምንጦስ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ልጆቹንም አመሰገኑ። ሚልኪያስ የብርቱካኑን ቁራሽ በሚሻሙ ልጆች ተከቦ ሳለ እሳቸው ወደ ኋላ ሄደው ከምሰሶው ጀርባ፣ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠች ልጅ አጠገብ ቆሙ።

«ስምሽ ማን ነው የኔ ልጅ?»

«ዝናሽ።»

«እጅሽን አውጥተሽ ነበር። አይቼሻለሁ።»

«አዎ አባ።»

«ጥያቄው ምን ነበር?»

ዝናሽ ጎረቤቷን አየች። ጎረቤቷ ጣሪያውን አየ።

«እሱን አላውቅም» አለች። «የኔ ማውጣቱ ብቻ ነው።»

«ቢጠራሽስ?»

«አይጠራኝም። ቲቸር አልጠራሽም ብሎኛል።» ከዚያ ቲቸሯ እንዳይጠረጠርባት ፈጥና ጨመረች፤ «ደግሞ አልጠራኝም።»

አባ ቀሌምንጦስ ራሷን ዳሰስ አድርገው ወጡ። በውጤት መስጫው ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጻፉ፤ «ይድገም»።

ወሬው የእጩዎቹ ማደሪያ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የሚልኪያስ ጓደኞች አዘኑ፤ ካዘኑ በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻሉም።

«ዞረው እንኳ አላዩህም እኮ» አለ አንዱ። «የጣለህ ጀርባቸው ነው።»

«ጋዋኑን ታዲያ ለማን ተኮስከው?» አለ ሌላው።

ሚልኪያስ አልሳቀም። ነጋ አልነጋ ብሎ ወደ አባ ቀሌምንጦስ ቢሮ ሄደ። እሳቸውም በወንበሩ ላይ የተከመረውን ወረቀት ወደ መስኮቱ አዛውረው «ቁጭ በል ልጄ» አሉት።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቅ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ዞረው ሳያዩኝ እንዴት ጣሉኝ?»

አባ ቀሌምንጦስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ከወንዝ ወዲህ ሰፊ መሬት ነበረው፤ በመሬቱም ላይ አሥራ ሁለት መደቦች ተርታቸውን ከላይ እስከ ታች ይወርዱ ነበር። ወንዙን ከላይ ጠልፎ፣ ውሃውን በቦይ እየመራ ለእያንዳንዱ ገበሬ በተራው የሚያደርሰው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ለድካሙም ከቦዩ አፍ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው መደብ ይሰጠዋል። የባለጠጋው የውሃ አባት አርጅቶ ነበርና አንድ ጎልማሳ መጥቶ «እኔን ሹመኝ» አለው። ባለጠጋውም «እኔ ስለ ውሃ የማውቀው መጠጣቱን ነው፤ ሽማግሌው ይፈትንህ» አለ። ሽማግሌውም «ቦዩን እንደገና ቆፍረህ ውሃ አውርድ። በሠላሳኛው ቀን መጥቼ አያለሁ» አለው።

ጎልማሳው ሰነፍ አልነበረም። ይህን ልብ በልልኝ። ቦዩን በገመድ ለክቶ ቀጥ አድርጎ ቆፈረው። አፉን በጥርብ ድንጋይ ገነባው። ውሃው ከወንዙ ተገንጥሎ ሲገባ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ወደ ገበያ የሚያልፉ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ያዩና «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። እሱም ምርቃቱ እንዳያመልጠው ቀኑን ሙሉ ከቦዩ አፍ አይለይም ነበር።

አሥራ ሁለተኛው መደብ፣ የመጨረሻው፣ የአንዲት መበለት ነበር። ሽንኩርት ተክላበታለች። ውሃው ግን እሷ ዘንድ አይደርስም። ጥቂቱ በአሸዋው ይሰምጣል፤ ጥቂቱ አይጥ በቆፈረው ጉድጓድ ይጠፋል፤ ስድስተኛው ገበሬ ደግሞ ከተራው በላይ ይወስዳል። መበለቲቱ ሁለት ጊዜ ሽቅብ ወጥታ ለመነችው። በመጀመሪያው «ይደርሳል፤ ታገሺ» አላት። በሁለተኛው «ችግሩ ከመሬትሽ ነው፤ ያንቺ መሬት ውሃ አይቀበልም» አላት። እሷም ሰውየው አዋቂ ስለሆነ አመነችው። ወደ ቤቷ ተመልሳ መሬቷን ስትረግም ዋለች።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ሲደርስ ጎልማሳው ሽማግሌው ቁልቁል ሊወርድ እንደሚችል ትዝ አለው። በአህያ ውሃ በእንስራ አስጭኖ የመበለቲቱን መደብ ከዳር እስከ ዳር አጠጣው። «ነገ ሽማግሌው ሲመጣ ከመደብሽ አጠገብ ቁሚ» አላት። «ምንም አትናገሪ። አትፍሪ፤ አይጠይቅሽም።»

እዚህ ላይ ሲደርሱ እስከዚያ ድረስ አባ ቀሌምንጦስን ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ የነበረው ሚልኪያስ ጫማውን ማየት ጀመረ። እሳቸው ግን ልብ እንዳላሉ ሆነው ቀጠሉ።

በሠላሳኛው ቀን ሽማግሌው ከባለጠጋው ጋር መጣ። የመጣውም በላይኛው መንገድ አልነበረም፤ በታችኛው ነው። የድንጋዩን ሥራ አላየም፤ የውሃውን ድምፅም አልሰማም። በቀጥታ አሥራ ሁለተኛው መደብ ገብቶ ከዘራውን መሬት ውስጥ ተከለ፤ ነቀለውም። ከጫፉ አንድ ጣት ያህል አቧራ ነበር። ከአቧራው በላይ አንድ ጣት ያህል ጭቃ ነበር። ሌላው ደረቅ እንጨት ነው። ከዘራውን ለባለጠጋው አሳየው።

ጎልማሳው ከላይ እየሮጠ ደረሰ። «ቦዬን ሳታይ እንዴት ትፈርድብኛለህ?» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌው «አየሁት እንጂ» አለው። «የሚያልቅበትን አየሁ።»

ባለጠጋው ሰውየውን ሊያባርረው ተነሣ። ሽማግሌው ግን ከለከለው። «አታባርረው፤ ሹመው» አለ። «ቦይ መቆፈር ከእኔ ይልቅ ያውቃል። የሹመቱን መደብ፣ የመጀመሪያውን፣ ለመበለቲቱ ስጣት። እሱ ይህን አሥራ ሁለተኛውን ይረስ። የሚበላውን ከዚህ ያግኝ።»

እንደዚያው ተደረገ። በአሥር ቀን ውስጥ የጎልማሳው ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆነ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጎልማሳው ከቦዩ አፍ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሚያዩት ጭቃ በእጁ ይዞ፣ አጎንብሶ፣ ከቦዩ ጎን ቁልቁል ሲሄድ ነበር። የአይጡን ጉድጓድ ደፈነ። በአሸዋው ላይ ሸክላ አፈር ለሰነ። ከስድስተኛው ገበሬ ጋር ሁለት ጊዜ ተጣላ፤ በሦስተኛው ታረቀ። የድንጋዩን አፍ የሚጠርገው አጥቶ ሣር በቀለበት፤ ወደ ገበያ የሚያልፍ ሰውም ሸክሙን ማውረድ ተወ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ውሃው አሥራ ሁለተኛው መደብ ደረሰ። እንደ ጣት የቀጠነ ነበር። ሲደርስም ድምፅ አልነበረውም።

አባ ቀሌምንጦስ ታሪካቸውን ጨረሱ። ሚልኪያስ ግን ጎበዝ ተማሪ ነበርና እንዲሁ አልተረታም።

«አባ፣ ልጅ መሬት አይደለም» አለ።

«አይደለም። ውሃ ቢያንስ ቁልቁል ሲመሩት እሺ ይላል።»

«አምስቱ ልጆች ከኔ በፊትም እንደዚያው ነበሩ። እኔ ያመጣሁት አይደለም። የክፍሉ አስተማሪ ራሷ ‹በነሱ አትድከም፤ አይዘልቃቸውም› ብላኛለች።»

«ጎልማሳውም ‹መሬትሽ ነው› ብሎ ነበር።»

አባ ቀሌምንጦስ መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ እሱ ዘወር አሉ።

«አንተ ጎልማሳው ነህ፤ ሰሌዳውም የቦይህ አፍ ነው» አሉት። «ድምፅህ ያማረ ነው፤ ጽሑፍህም ያማረ ነው። ይህን ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም፤ ፊት በተቀመጡት ልጆች ፊት ላይ አይቼዋለሁ። እኔ የተቀመጥኩት ግን ውሃው የሚያልቅበትን ለማየት ነው። በምሰሶው ግራና ቀኝ አምስት እጅ አየሁ። አምስቱም ወደ ላይ የተዘረጉ ነበሩ፤ ዓይኖቹ ግን አንተን ሳይሆን የጎረቤታቸውን ክንድ ይመለከቱ ነበር። በእንስራ የረጠበ መሬት ማለት ያ ነው።»

«አባ...»

«ቆይ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከዚህ የከፋውን። ዝናሽ ካንተ ትምህርት አንድ ነገር አንድም ሳትሳሳት ተምራለች። ስጠይቃት በሚገባ መለሰችልኝ። ‹አይጠራኝም› አለችኝ። ይህንን ያስተማርካት አንተ ነህ ልጄ፣ በደግ ድምፅ። ክፍልፋዩን በሚቀጥለው ዓመት ትረሳዋለች ብትል፣ አብዛኞቹ ይረሱታል። ይህን ግን አትረሳውም።»

ሚልኪያስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባ ቀሌምንጦስ የሰውን ዕንባ አለማየት የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው የተከመረውን ወረቀት ማስተካከል ያዙ። ጥቂት ቆይተው፣ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ተናገሩ።

«ጎበዝ ልጅን ጎበዝ አድርጎ የሚመልስ አስተማሪ ሌላውም የትምህርት ተቋም ያፈራል። ቤተ ክርስቲያን ለዚያ ብላ ዩኒቨርሲቲ ባልሠራች ነበር። ‹ይድገም› ብዬ የጻፍኩት ‹ይባረር› ማለቴ አይደለም። ከሰኞ ጀምረህ በዚያው ክፍል፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከዝናሽ ጎን ትቀመጣለህ። አታስተምርም። እሷ የምትጽፈውን ትጽፋለህ፤ እሷ የምታየውን ታያለህ። በግንቦት እንደገና እፈትንሃለሁ።»

«የካቲት ላይ ቦታዬ ይሄዳል አባ።»

«ይሄዳል።»

«እናቴ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ነግራለች።»

አባ ቀሌምንጦስ አሰቡ።

«ለእሱ ምሳሌ የለኝም» አሉ።

ሚልኪያስ ሰኞ ጠዋት መጨረሻው አግዳሚ ላይ ስድስተኛ ሆኖ ተቀመጠ። ዝናሽ ቦታ ለቀቀችለትና ጆሮው ድረስ ተጠግታ ጠየቀችው።

«ቲቸር፣ አንተም ደገምክ እንዴ?»

«አዎ።»

«አይዞህ» አለችው። «መጀመሪያ ነው የሚከብደው።»

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ሲታይ የሰሌዳው የታችኛው ሲሶ በልጆች ራስ እንደሚሸፈን አወቀ። እሱ ምሳሌዎቹን ሁሉ የጻፈው በታችኛው ሲሶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ ዝናሽ ጣቶቿን ከአግዳሚው ሥር ደብቃ እንደምትቆጥር አየ፤ በጣት መቁጠር ኃጢአት ነው ብሎ የነገራት ሰው ነበረ። በአራተኛው ሳምንት ሰሌዳው ተከልሎበት አንድ ጥያቄ ሳይገባው አለፈና፣ ልጆቹ ሁሉ «አዎ!» ሲሉ እሱም አብሮ «አዎ» ሲል ራሱን ሰማው። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

የካቲት በገባ በሁለተኛው ቀን የትውልድ ከተማው ርእሰ መምህር ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

በግንቦት ሚልኪያስ ክብደትን እንዲያስተምር ተመደበ። አባ ቀሌምንጦስ ከሰሌዳው ሥር ተቀመጡ። ትምህርቱ በተጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ ሚልኪያስ ከፊት ጠፋ፤ ሚዛኑን ተሸክሞ በአግዳሚዎቹ መካከል ሲሄድ፣ ቆም ሲል፣ ሲንበረከክ፣ እንደገና ሲጀምር ቆየ። ደወሉ ሲደወል የዕቅዱ ግማሽ ገና ነበር። አባ ቀሌምንጦስ በወረቀቱ ላይ «ዕቅዱን አልጨረሰም። አልፏል» ብለው ጻፉ።

በመስከረም፣ ከትውልድ ከተማው የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ትምህርት ቤት፣ ሰባ አንድ ልጆች ያሉበት ሁለተኛ ክፍል ተሰጠው።